አማናኪ ሳይከፍት ያራገፈው ቅርጫት

አማናኪ ላፕቶፕ ሲመጣለት ወዲያው አይከፍተውም። ገልብጦ ወደ ጆሮው ያስጠጋና ቀስ አድርጎ ይነቀንቀዋል፤ የላላ ብሎን ካለ ይሰማዋል። ቀጥሎ የአየር መውጫውን በጣቱ ይዳብሳል። እሳተ ገሞራው ፈንድቶ የሚኖርበትን የቶንጋ ደሴት አመድ ካለበሰው ወዲህ ይህችን አይዘላትም፤ ያ አመድ ዛሬም ከየማራገቢያው ውስጥ ይወጣል። ለዚሁ ባስቀመጣት አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠርገዋል። ክዳኑን ያነሳል፣ ስክሪኑን በደረቅ ጨርቅ ያብሳል፣ ቻርጀሩን ይሰካል፣ ያስነሳል። እስኪነሳ ድረስ ሁለቱን እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል። ወፍራም እጆች ናቸው፤ ሌባ ጣቱ ላይ የብየዳ ካውያ የተወው ጠባሳ አለ።

ሲነሳ የማከማቻውን መስመር ያያል። መስመሩ ቀይ ከሆነ ማሽኑ ጢም ብሏል ማለት ነው። ያኔ የተደመሰሰ ፋይል ሁሉ ወደሚወድቅበት ቅርጫት ይሄድና ይከፍተዋል። ከፍቶም ስክሪኑን ወደ ባለቤቱ ያዞረዋል። ከዚህ በኋላ እጁን ይሰበስባል። ከላይ እስከ ታች አብረው ያያሉ፤ ይሂድ የተባለው ይሄዳል፣ ይቅር የተባለው ይቀራል፣ በመጨረሻ «ባዶ አድርግ» የሚለውን የሚጫነው የባለቤቱ ጣት ነው። የአማናኪ ጣት አይጫንም። አስራ አራት ዓመት የሠራው በዚህ ደንብ ነው።

የመዘምራን አለቃው ፌአኦ የመጣ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ፌአኦ ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ እንደ አገሩ ወግ ወገቡ ላይ የታጠቀው ምንጣፍ ከበሩ መቃን ጋር እየተፋተገ ገባና ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አደረገው።

«ሌባ ማሽን ነው የሸጡልኝ» አለ። «ሦስት ቀን ሙሉ ስደመስስ ከረምኩ። የመዘምራኑን ቪዲዮ አንድ ሳላስቀር አጠፋሁ። ያው ቀይ ነው።»

«አላጠፋህም።»

«አጥፍቻለሁ እልሃለሁ! በገዛ ጣቴ!»

«አሳማውን ከማዕድ ቤት አባረርከው እንጂ ከግቢ አላስወጣኸውም። ጓሮ ተኝቶ እየበላልህ ነው። ይኸው፣ ና ቁጠር።» ስክሪኑን አዞረለት። «ሁለት መቶ አስራ አራት አሳማ።»

ከፊት ለፊት ኬኬ የሚሉትን ድቡልቡል ሊጥ በዘይት የምትጠብሰው የአማናኪ ሚስት ኬሌሲ ሳቋ መጣ። «ፌአኦ፣ ለአንድ ሰርግ የሚበቃ አለህ ማለት ነው» አለች።

«አንቺ ሊጥሽን ጥበሺ!» አላት ፌአኦ፤ እሱም ግን ሳቀ። «በል ሁሉንም እረድልኝ።»

«አላርድም። አንድ በአንድ እያየህ ንገረኝ።»

እያጉረመረመ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መቶ ስልሳኛው ላይ ሲደርሱ ግን ብድግ አለ። «ቆይ! ቆይ! ይሄ የልጄ ሰርግ ነው! ማን እዚህ ከተተው?»

«ጣትህ» አለ አማናኪ።

እንደዚህ ነው የሚሠራው። ቅርጫቱ ሲያልቅም ሥራው አያልቅም። ማሽኑ ራሱን ሲያድስ የተወው አሮጌ ፋይል አለ፤ ነገር ቢበላሽ ወደ ኋላ ልመለስበት ብሎ በየጊዜው የሚያስቀምጠው የራሱ ቅጂ አለ፤ ሲያንቀላፋ የሚያስበውን ሁሉ የሚጽፍበት ትልቅ ፋይል አለ፤ ከስልክ ሳይታወቅ የሚወርድ ፎቶም አለ። ባለቤቱ ከፊቱ የሚያየውን ይደመስሳል፣ ቦታውን የያዘው ግን ከኋላ ያለው ነው። አማናኪ ይህን ለመቶ ሰው አስረድቷል። ሁልጊዜ የሚያሳርገውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ደመሰስኩ ማለት ሄደ ማለት አይደለም፤ ስለዚህ አትናደድ፣ አትደንግጥ።» ሰዎች ይህን አባባሉን ይወዱለታል። አሁን ግን ከአፉ አይወጣም። ለምን እንደማይወጣ ለማወቅ እህቱን ሎሳሊኔን ማወቅ ያስፈልጋል።

አማናኪና ሎሳሊኔ የኮሎቫይ መንደር ልጆች ናቸው። እሷ በአራት ዓመት ትበልጠዋለች፤ ባትበልጠውም ኖሮ እህት ናትና ከሱ በላይ ናት። በቶንጋ ወንድም እህቱ ካለችበት ክፍል አይቀመጥም፣ በፊቷ አይቀልድም፣ አልጋዋን አይነካም፣ ዕቃዋን አይበረብርም። ከተማ ያሉት አሁን አሁን ላላ አድርገውታል። የእናታቸው የሲያሌ ቤት ግን አላላም። አማናኪ ጺሙ ማቀምቀም ሲጀምር ምንጣፉን ጠቅልሎ ለወንዶች ልጆች ወደ ተሠራችው ትንሽ ጎጆ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ከእህቱ ጋር ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ያወራበትን ቀን አያስታውስም። ቂም የለም፤ ክብር ነው። መልእክት ካላቸው በሰው ይላላካሉ፤ ድሮ በእናታቸው፣ ኋላ በኬሌሲ።

ሙያውን የተማረው ወደብ ላይ የመርከብ ሬዲዮ ከሚጠግን አጎቱ ዘንድ ነው። አጎቱ ብሎኖችን በተፈቱበት ተራ ወረቀት ላይ የማይደረድር ልጅ ሲያይ በካቻቢቴው እጀታ የጣቱን አንጓ ኳ ያደርገው ነበር። አማናኪ እስከ ዛሬ ብሎን ጠፍቶበት አያውቅም። ቀጥሎ ሁለት ዓመት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ፣ ኬሌሲን አገባ፣ ታላማሁ ገበያ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየ። የፊቱ ግማሽ የኬሌሲ ምድጃ፣ የኋላው ግማሽ የሱ ጠረጴዛ ሆነ። የሚመጣው ማሽን ሁሉ ትንሽ ትንሽ የዘይት ሽታ ይዞ ይመለሳል፤ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

ሎሳሊኔ አስተማሪ ናት። አላገባችም፤ እናቷን ያስታመመችው እሷ ናት። ሲያሌ በሕይወት ሳለች ለመንደሩ ግጥም የምታወጣ ሴት ነበረች። የኮሎቫይ ሰው ወንዱም ሴቱም ተሰልፎ የሚጨፍረውን ላካላካ፣ ቃሉንም ዜማውንም የእጁን እንቅስቃሴም እሷ ነበረች የምታወጣው። የመጨረሻውን፣ ዘጠኝ አንጓ ያለውን፣ በታመመችበት ዓመት አልጋ ላይ ሆና አወጣችው። በወረቀት አልጻፈችውም፤ ጽፋም አታውቅም። ሎሳሊኔ ላፕቶፗን አልጋው ግርጌ በርጩማ ላይ አቁማ በካሜራው ትቀርጻት ጀመር። ግጥሙን ብቻ ሳይሆን ሁሉን፦ የትኛው ምንጣፍ የማን እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ የትኛዋ አክስት የትኛዋን እንዳኮረፈች። ሦስት ወር ቀረጸች። አርባ አንድ ቪዲዮ ሆነ። ከዚያ ሲያሌ ሞተች።

አማናኪ ያን ሰሞን ይመጣ ነበር፤ እህቱ ቤት ውስጥ ስላለች ግን ደጅ በረንዳው ላይ ተቀምጦ እናቱን በመስኮት ያነጋግራት ነበር። ቀረጻውን አላየም። ሊሰማው የሚችለው ሙት ዓመቷ ሲደርስ፣ ቤተሰቡ ጥቁር በሚያወልቅበት ቀን፣ ከደጅ ሆኖ ነበር። ሎሳሊኔም ለዚያ ቀን ነበር የምትዘጋጀው፤ አንሶላ ተወጥሮ የእናቷ ምስል ይታያል፣ መንደሩም ከራሷ ከሲያሌ አፍ እየሰማ ዘጠኙን አንጓ ይማርና ይጨፍራል። ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ከባሕር ማዶ፣ ከኦክላንድ የሚመጡት ዘመዶች ትኬት የቆረጡት ለዚህ ነው።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኬሌሲ ከኮሎቫይ የሎሳሊኔን ላፕቶፕ በፎጣ ጠቅልላ አመጣች።

«እህትህ ልከውት ነው።»

«ምን አሉ?»

«ጢም ብሎብኛል ብለዋል። ኦክላንድ ያሉት ዘመዶች የሚልኩትን ቪዲዮ መቀበያ ቦታ አጣሁ፤ ወደ ፍላሽ የሚገለበጠውን ገልብጬ ከማሽኑ ደምስሻለሁ፤ ቀዩ ግን አልለቀቀም ብለዋል። እስከ ሐሙስ አድርስልኝ ነው የሚሉት።»

«ፎልደሮቻቸውን አልነካም።»

«ማን ንካ አለህ? ቦታ ስጣቸው ነው የተባልከው።»

ማሽኑን ያውቀዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ሲንቀራፈፍባት፣ እንደ ስጦታ፣ የሚሽከረከረውን አሮጌ ዲስክ አውጥቶ አዲሱን ፈጣን ዲስክ የገጠመላት እሱ ራሱ ነው። ፈጣን ነው፣ ግን ጠባብ፤ የአሮጌው ሲሶ አይሆንም። ሰፊውን ለመግዛት አቅሙ አልነበረውም። ሎሳሊኔ ያን ጊዜ በኬሌሲ በኩል «ወንድሜን እግዚአብሔር ይስጠው፣ እንደ ጀት ሆነልኝ» ብላ ነበር።

ገለበጠው፣ ነቀነቀው፣ ጠረገው፣ አስነሳው። ቀይ። ከእህቱ ዕቃ የማይነካካውን ሁሉ አስቀድሞ አጸዳ። የእድሳት ትራፊውን አነሳ፣ ማሽኑ ለራሱ ያስቀመጠውን ቅጂ አሳነሰ፣ የማንቀላፊያውን ፋይል አጠፋ። አስራ አንድ ጊጋ ተለቀቀ። አይበቃም። ቅርጫቱ ላይ የሰፈረው ቁጥር አርባ ስድስት ጊጋ ይላል።

እዚህ ላይ ደንቡ ይታወቃል፤ ክፈት፣ ስክሪኑን አዙር፣ ጠይቅ። ግን ባለቤቷ የለችም፤ ብትኖርም አጠገቡ አትቀመጥም። እሱ ቢከፍተው ደግሞ የእህቱን ዕቃ መበርበር ነው። የጣለችውም ቢሆን የሷ ነው፤ እንዲያውም ሴት የጣለችውን ነገር ወንድሟ ከሁሉ ይልቅ ማየት የሌለበት ነው። እጁ ማውሱ ላይ ቆየ። ኬሌሲን ልጥራት ብሎ አሰበ፤ ነይ እስቲ ቁጭ በይና አንቺ እይው ማለት ብቻ ነበር። ቀና አለ። ትምህርት ቤት ተለቆ ኬኬ የሚገዛው ልጅ ከበሩ እስከ መንገዱ ተሰልፏል፤ ኬሌሲ በአንድ እጅ ትገለብጣለች፣ በሌላው ትሰጣለች። ይቅር አለ። ደምስሻለሁ ብለው የለም? ወደ ፍላሽ ገልብጫለሁ ብለው የለም?

«ባዶ አድርግ» የሚለውን በራሱ ጣት ተጫነው። ማሽኑ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው። አዎ አለው። አራት ሰከንድ አልፈጀም። መስመሩ ሰማያዊ ሆነ።

ሐሙስ ላፕቶፑ ኮሎቫይ ደረሰ። በነጋታው ሎሳሊኔ በኮኮናት ወተት የተሠራ የጎደሬ ቅጠል፣ ሥጋ በደንብ ገብቶበት፣ በቅጠል ጠቅልላ ላከችለት። ጣቱን እየላሰ በላ።

ቅዳሜ ኬሌሲ ዳግመኛ በፎጣ የተጠቀለለ ላፕቶፕ ይዛ ገባች። በዚያኛው እጇ ፍላሽ ይዛለች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ይሄ ፍላሽ አልከፈት አላቸው» አለች። «አዳራሹ ውስጥ ድምጽ ማጉያውን ሲሞክሩ ነው ያወቁት። የመጀመሪያው ይሠራል። ሁለተኛው ትንሽ ሄዶ ቆመ። ሌላው ጭራሽ አይከፈትም።»

«ምንድነው ያለበት?»

ኬሌሲ ፍላሹን ዘረጋችለት። «እናትህ» አለች። «አርባ አንዱም።»

አማናኪ ፍላሹን ተቀብሎ ሰካው። ላዩ ላይ መቶ ሃያ ስምንት ጊጋ ተብሎ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። ፍላሽ የሚፈትሽባት ትንሽ ፕሮግራም አለችው፤ አስነሳት። ውስጡ አራት ጊጋ ነው። የውሸት ፍላሽ ነበር። እንዲህ ያለው ፍላሽ የሰጡትን ሁሉ እሺ ብሎ ይቀበላል፣ ስሙን ይጽፋል፣ መጠኑን ያሳያል፤ ከአራት ጊጋ በላይ ያለውን ግን የትም አያኖረውም። ሎሳሊኔ ሲገለበጥ አይታለች፣ አርባ አንድ ስም ቆጥራለች፣ ከዚያ ነው የደመሰሰችው። ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ትችል ነበር እንዳይባል፣ በእሳተ ገሞራው ጊዜ የባሕሩ ገመድ ተበጥሶ አገሩ ከአንድ ወር በላይ ከዓለም ተቆርጦ ከከረመ ወዲህ በእጁ ያልያዘውን ነገር የሚያምን ሰው ጥቂት ነው። በእጇ የያዘችውን አመነች።

«እህትህ ግን አልደነገጡም» አለች ኬሌሲ። «'እሱ ራሱ ደመሰስኩ ማለት ሄደ ማለት አይደለም ይል የለ፣ ከቅርጫቱ ያውጣልኝ' ነው ያሉት።»

አማናኪ ፍላሹን ከማሽኑ ነቀለ።

«አማናኪ። ከቅርጫቱ አውጣላቸው እንጂ።»

«አራገፍኩት።»

«ምን አልክ?»

«ሳልከፍተው አራገፍኩት።»

ዘይቱ እየነደደ ነበር። ኬሌሲ ሄዳ እሳቱን አጠፋች፣ ተመልሳ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

ላፕቶፑን ወዲያው ገለበጠው። ባትሪውን ነቀለ፣ ብሎኖቹን በተራ ወረቀት ላይ ደረደረ፣ ዲስኩን አወጣ። ከዚህ በፊት ስንቱን አድኗል! በአሮጌው የሚሽከረከር ዲስክ ላይ ቅርጫት ቢራገፍም የሚሰረዘው ከማውጫው ላይ ያለው ስም ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ተኝቶ ይቆያል። የፓስተሩን ስብከት፣ የባንክ ጸሐፊዋን የልጆች ፎቶ፣ የአንዱን የመሬት ካርታ እንዲህ አውጥቷል። ይሄኛው ግን ፈጣኑ ዲስክ ነው። ፈጣኑ ዲስክ ለሚቀጥለው ጽሑፍ ቦታውን አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ አያስፈልግም ሲባል ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳያየው፣ ከኋላ ሆኖ ያጸዳዋል። ፍጥነቱ የመጣው ከዚያ ነው። ስጦታው ይህ ነበር።

ቢሆንም ዲስኩን ከሌላ ማሽን ጋር አገናኝቶ የጠፋ ፋይል የሚፈልገውን ፕሮግራም አስነሳ፤ ሲጨርስ ስሞቹ ተመለሱ። «እማዬ 1» ከሚለው እስከ «እማዬ 41» በተራ ተደረደሩ። መጠናቸው ልክ ነው፣ የተቀረጹበት ቀን ልክ ነው። የመጀመሪያውን ከፈተ። ውስጡ ዜሮ ነው። ሁለተኛውን ከፈተ። ዜሮ። አርባ አንዱንም አንድ በአንድ ከፈታቸው። መክፈት በነበረበት ቀን ያልከፈታቸውን አሁን ከፈታቸው። ከፍቷቸው ቢሆን ኖሮ ስማቸው ብቻ ይበቃው ነበር፤ «እማዬ» የሚል አርባ አንድ ጊዜ አይቶ፣ ፍላሹን ላኩልኝ ልፈትሸው ሳይል አይቀርም ነበር። ፍተሻው ከዚያ ቀን ሥራ ሁሉ ቀላሉ ነበር።

ኬሌሲ ወደ ኮሎቫይ ሄዳ ተመለሰች።

«ምን አሉ?»

«'ንገሪው፣ ምንም አልሆነም' አሉ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ፊታቸውስ?»

«ምንጣፍ ይሠሩ ነበር። ቀና አላሉም።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ስድቡ ከሌላ ቦታ መጣ። ሰኞ ፌአኦ ለኬኬ ብሎ መጣና ከኬሌሲ ምድጃ አልፎ ጠረጴዛው ፊት ቆመ።

«እውነት ነው የሚባለው?»

«እውነት ነው።»

«የኔን ሁለት መቶ አሳማ አንድ በአንድ ስታስቆጥረኝ ዋልክ። የእናትህን አርባ አንድ እንዴት አለፍካቸው?»

«እህቴ ናቸው ፌአኦ። የሳቸውን አልበረብርም።»

«እህትህ መሆናቸውን አገር ያውቃል። ሚስትህስ የማን እህት ናት?»

አማናኪ ወደ ኬሌሲ ምድጃ ዞረ። ባህሉ አትይ ብሎታል፤ ሌላ ሰው አስቀምጠህ አታሳይ አላለውም። በዚያች ክፍል ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ስድስት እርምጃ ርቃ፣ ማየት የተፈቀደላት ሰው ነበረች። መጥራት ብቻ ነበር የቀረው፤ ለመጥራት ሰነፈ። ከዚያ ስንፍናውን ክብር ብሎ ጠራው። ሰው ሲያዝንለት «ምን ታደርግ፣ ወግ ነው» ይለዋል፤ ያ ነው ከሁሉ የሚያቃጥለው።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ኦክላንድ ያሉት መጡ። አሳማው ተጠበሰ፣ ያም የሚሉት ሥራ ሥር ከጉድጓድ ምድጃ ወጣ፣ ካቫ የሚሉት የሥር መጠጥ ተበጠበጠ፣ ጥቁሩ ወለቀ። አንሶላው ተወጠረ። ከፍላሹ የተረፈው አንድ ሙሉ ቪዲዮ ብቻ ነበር፣ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። ላካላካው የለበትም። አማናኪ እህቱ አዳራሹ ውስጥ ስላለች ደጅ ከምድጃው ሰዎች ጋር ተቀመጠ፤ ምስሉ ባይታየውም ከድምጽ ማጉያው የሚወጣው ሁሉ ይሰማዋል።

እናቱ ስለ ምንጣፍ ታወራ ነበር። የትኛው ጥልፍ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ለማን ሰርግ እንደተነጠፈ። ሰው ያለቅሳል፣ ይስቃል። ሰላሳኛው ደቂቃ ገደማ ሲያሌ ድንገት ቆም አለች።

«ያ ልጅ ዛሬም አልመጣም?» አለች ከማጉያው ውስጥ።

«ሥራ ይዞት ነው እማዬ» አለ የሎሳሊኔ ድምጽ።

«ሥራ! የሰው ማሽን ሲጠግን ይውላል። የኔ የውኃ ታንክ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ አራት ወሩ። በረንዳ ላይ ይቀመጥና 'እሺ እማዬ፣ ነገ እማዬ'። ጠብታውን እየቆጠርኩ ነው የምተኛው።»

«እማዬ፣ እየቀረጽኩ እኮ ነው።»

«ቅረጪው! ይስማ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሲያሌ ሁልጊዜም እንዲህ ነበረች። ከዚያ ሰው ልጇ ደጅ እንዳለ ትዝ አለውና ሳቁ በአንዴ ቀጥ አለ። ከምድጃው ሰዎች አንዱ የቀረውን ምግብ ማውጣት አይሻልም እንዴ ብሎ ማንንም ሳይሆን አየሩን ጠየቀ። አማናኪ ትኩስ ድንጋዩን ያይ ነበር። ማሽኑ አጠገብ የተቀመጠችው ሎሳሊኔ ናት። ቪዲዮውን አስቀድማ አይታዋለች፤ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። ያቺን ሁለት ደቂቃ መዝለል ትችል ነበር። አልዘለለችም። የእናቷን ቃል መቁረጥ አልቻለችም ይሆናል። እሱ እንዲሰማው ፈልጋም ይሆናል። የሱ እህት ናትና እንዲህ አይነት ነገር አይጠይቃትም፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አያውቀውም።

ቀጥሎ መንደሩ ለጭፈራ ተሰለፈ። ሲያሌ አልጋ ላይ ሆና ለሁለት አሮጊቶች ካስጠናቻቸው ሦስት አንጓ ተገኘ። አራተኛው ላይ አንዷ እንዲህ ነው አለች፣ አንዷ አይደለም አለች። ሰልፉ እጁን ከፍ እንዳደረገ ቆሞ ጠበቃቸው። አልተስማሙም። ፌአኦ ከበሮ የሚመታውን በአገጩ ጠቀሰው፣ ጭፈራው እዚያ ላይ ቆመ፣ እጆቹ ሁሉ ወረዱ።

በማግስቱ አማናኪ መፍቻውን ይዞ ኮሎቫይ ሄደና የታንኩን ቧንቧ ሠራ። አንድ የላስቲክ ቀለበት ነበር የጎደለው። ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። ሎሳሊኔ ሲመጣ አይታ በጓሮ በር ወጥታ ጎረቤት ሄዳ ነበር፤ እህት ወንድሟ ወደ ቤቱ ሲገባ እንዲህ ማድረጓ ያለ ነው። ሠርቶ ሲጨርስ አልተመለሰችም።

ሱቁ ዛሬም አለ። ኬሌሲ አሁን ከፊት ያለውን ምድጃ ወደ ጎን አስጠግታ ከጠረጴዛው አጠገብ አንድ ወንበር አስገብታለች። የሴት ማሽን፣ የእህት ማሽን፣ የአክስት ማሽን ሲመጣ ዘይቷን አጥፍታ ትቀመጥበታለች፤ ሰልፉ ምንም ቢረዝም ይጠብቃል። ያኔ ቦታ ቢኖር ኖሮ እቀመጥ ነበር ብላ አንድ ቀን ተናግራ ታውቃለች፤ ሁለተኛ አልደገመችውም። ከሎሳሊኔ ዘንድ ከዚያ ወዲህ ላፕቶፕ አልመጣም። ሞላብኝ አላለችም፤ ወይም ሞልቶባት ዝም ብላለች።

የሱ ታሪክ ይጻፍ ሲባል አማናኪ ስሙ እንዳይቀየር ፈቀደና ጸሐፊው አንባቢውን አንድ ነገር እንዲለምንለት ጠየቀ። በራሱ ቃል እንዲህ ነው፦

«ገልብጫለሁ ብላችሁ የምትወዱትን ሰው ከማሽናችሁ የደመሰሳችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ዛሬ የገለበጣችሁበትን ክፈቱት። ስሙን አይታችሁ አትመኑ፤ የመጨረሻውን ፋይል ክፈቱ፣ ወደ መጨረሻው ደቂቃ ውሰዱት፣ አዳምጡት። የሰው ቅርጫት ደግሞ እጃችሁ ከገባ፣ አክብሬ ነው ያላየሁት አትበሉ። እናንተ ማየት ካልቻላችሁ ማየት የሚችል ሰው ጥሩ። ሥራ ይዞት ቢሆንም ጥሩት። ይቆጣ፣ ጥሩት።»